ናይጄሪያን በካርታዋ ሳይሆን በሒሳቧ

የንጽጽር ፌዴራሊዝም ሳስተምር ናይጄሪያ ላይ ስንደርስ ተማሪዎች አስቀድመው የሚያነሡት ካርታውን ነው። «የዮሩባ ክልል የቱ ነው? የኢግቦስ?» ይላሉ። የእኛን አገር አወቃቀር እያሰቡ ነውና ጥያቄው አይገርመኝም። መልሱ ግን፣ አንድ የዮሩባ ክልል የሚባል ነገር የለም።

ናይጄሪያ በ1960 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጻ ስትወጣ ሦስት ክልሎች ነበሯት፤ ሰሜኑ ብቻውን ከሁለቱ ድምር ይበልጥ ነበር። ይህ ሚዛን ማጣት ሥጋት ወለደ። በ1967 ምሥራቁ ቢያፍራ ብሎ ሊገነጠል ቀናት ሲቀሩት፣ የጄኔራል ያኩቡ ጎዎን መንግሥት አገሪቱን በ12 ግዛቶች ከፋፈላት። ተከታዮቹ ወታደራዊ መንግሥታትም መሸንሸኑን ቀጠሉ፤ በ1996 ግዛቶቹ 36 ሆኑ። ሃውሳው፣ ዮሩባውና ኢግቦው ዛሬ እያንዳንዳቸው በበርካታ ግዛቶች ተከፋፍለው ይኖራሉ።

ካርታውን ካየን በኋላ ተማሪዎቼን ወደ ሁለት ሒሳቦች እወስዳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የምርጫ ሒሳብ ነው። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው በአገር ደረጃ ብዙ ድምፅ ማግኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ግዛቶች ከተሰጠው ድምፅ ሩቡን ማግኘት አለበት። በአንድ አካባቢ ድምፅ ብቻ ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ማለት ነው። ደንቡ ገና ሲጀመር፣ በ1979፣ ተፈተነ። ግዛቶቹ ያን ጊዜ 19 ስለነበሩ ሁለት ሦስተኛው 12 ከሁለት ሦስተኛ ሆነ። ሼሁ ሻጋሪ በ12 ግዛቶች ሩቡን ሲያገኙ በ13ኛው ግዛት፣ በካኖ፣ ግን አልሞላላቸውም። ተፎካካሪያቸው ኦባፌሚ አዎሎዎ 13 ሙሉ ግዛት ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ለሻጋሪ ፈረደ። በክፍል ውስጥ እንደዚህ ክርክር የሚያሟሙቅ ጉዳይ አላገኘሁም፤ ተማሪው ሁሉ እስክሪብቶ አንሥቶ ያሰላል።

ሁለተኛው የገንዘብ ሒሳብ ነው፤ ክብደቱም እዚህ ላይ ነው። ከነዳጅና ከዋና ዋና ግብሮች የሚገኘው ገቢ አንድ የጋራ ቋት ይገባና በየወሩ ይከፋፈላል። ነዳጅ የሚወጣባቸው ግዛቶች ከነዳጁ ገቢ ቢያንስ 13 በመቶ በቅድሚያ ያገኛሉ። ከቋቱ ደግሞ ፌዴራሉ 52.68፣ ግዛቶቹ 26.72፣ በሕገ መንግሥቱ ስማቸው የተዘረዘረው 774 የአካባቢ መስተዳድሮች 20.60 በመቶ ይወስዳሉ። እንደ ሌጎስ ራሱን የቻለ ግዛት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ገዥ የወሩን ድርሻ ከዋና ከተማዋ ከአቡጃ ይጠብቃል። የመስተዳድሮቹም ገንዘብ ለዓመታት በገዥዎች እጅ ሲያልፍ ቆይቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ ይድረሳቸው ብሎ የወሰነው በሐምሌ 2024 ነው።

ካርታው ለምን እንደተሸነሸነ የሚገባን አሁን ነው። መነሻው ሥጋት ቢሆንም፣ አዲስ ግዛት ማለት ከቋቱ አዲስ ድርሻ፣ አዲስ ገዥ፣ ሦስት አዲስ የሴኔት ወንበር ማለት ነው። ስለዚህ 36 ላይ ከተደረሰ ወዲህም «ለእኛም ግዛት» የሚለው ጥያቄ አልቆመም።

በእኔ ግምት የምርጫው ደንብ ፖለቲከኛውን ከቀዬው አውጥቶ አገር እንዲዞር አስገድዶታል፤ የገንዘቡ አሠራር ግን ግዛቶቹን የአቡጃን እጅ ጠባቂ አድርጓቸዋል። የትም አገር ይሁን፣ አዲስ ግዛት ይቋቋም የሚል ጥያቄ ሲሰሙ፣ ድንበሩ የት ይሆን ከማለትዎ በፊት የሠራተኞቹን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ።