ጀበናውን የወደደ ሸክላ ሠሪዋን አይንቅም

በዚህ እትማችን ስለ ሸክላ ሥራ እንነጋገራለን። “ይሄ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለው? ጀበና እኮ በየቤቱ አለ” የምትሉ አትጠፉም። ችግሩም እሱ ነው፤ በየቤቱ ስላለ ልብ ብለን አናየውም። ዕቃውን እንወዳለን፣ የሠራችውን ሴት ግን ብዙዎቻችን በስድብ ስም እንጠራታለን። ስለዚህ ሸክላን እንዴት እንደምናይና እንደምናደንቅ ለማስረዳት እንሞክራለን። ጥበቡን በደንብ ያየ ሰው ጥበበኛዋን መናቅ ይከብደዋልና።

ከካርቱም እንጀምር

ካርቱም በሸክላ ታሪክ ትልቅ ስም ያላት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አርኬል የተባለ እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት በከተማዋ ሆስፒታል አጠገብ ሲቆፍር ከ7,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ብዙ ገሎች አገኘ። በገሎቹ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚተጣጠፉ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ የተሳሉት ጭቃው ሳይደርቅ የአምባዛ ዓሣ እሾህ በላዩ ላይ በመጎተት እንደሆነ አርኬል አስረድቷል። ሰዎቹ ዓሣ እያጠመዱና እያደኑ የሚኖሩ እንጂ ገበሬዎች አልነበሩም። ታዲያ መስመሩ ለማሰሮው ምን ይጠቅመዋል? ውኃ አይጨምርለትም፣ ጥንካሬም አይሰጠውም። ሰው ግን ያኔም የሚጠቀምበት ዕቃ እንዲያምር ይፈልግ ነበር ማለት ነው።

በሰሜን ሱዳን ደግሞ ከርማ በተባለው ጥንታዊ መንግሥት፣ ከዛሬ 3,500 ዓመት በፊት፣ አፋቸው ጥቁር፣ ታችኛው ክፍላቸው ቀይ የሆነ፣ ግድግዳቸው በጣም የሳሳ ዋንጫዎች ይሠሩ ነበር። በሚሽከረከር ጎማ ሳይሆን በእጅ የተሠሩ ናቸው። ጥቁሩ ቀለም አይደለም፤ የእሳቱ ሥራ ነው። አየር ያገኘው ክፍል ቀይ ይሆናል፣ አየር አጥቶ የታፈነውና ጭስ የጠጣው ክፍል ይጠቁራል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም የእነዚህ ዘመናት ቅርሶች የሚታዩበት ቦታ ነበር። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከተነሳ በኋላ ሙዚየሙ ተዘርፏል። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ጥበብ በሙዚየም ብቻ ሳይሆን በሚሠራ ሰው እጅ ውስጥም ይኖራል። እጁ ከተናቀና ሥራው ከተተወ ደግሞ ያለ ጦርነትም ይጠፋል።

ዚር ውኃን ለምን ያቀዘቅዛል?

በሱዳን በየደጁና በየመስጊዱ አጠገብ፣ በመቆሚያ ላይ የሚቀመጠውን ትልቅ የውኃ ማሰሮ ዚር እንደሚሉት ታውቃላችሁ። በዚያ ሙቀት ያለ ኤሌክትሪክ ውኃውን ያቀዘቅዛል። ምሥጢሩ ይህ ነው። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ውኃው በእነሱ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ የቀረው ውኃ ይቀዘቅዛል። ላብ ገላችንን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ዚሩ በጥላና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሲቀመጥ የበለጠ ይሠራል። የፕላስቲክ ጀሪካን ግን ቀዳዳ ስለሌለው ይህን ማድረግ አይችልም።

ይህ በዕድል የመጣ ነገር አይደለም። ሠሪው ጭቃውን ሲመርጥ፣ ምን ያህል አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል እንደሚቀላቅል ሲወስን፣ እሳቱን ሲመጥን የሚያመጣው ነው። የእኛም ምጣድና ድስት እንዲሁ ናቸው። የተፈጨ ገል የሚገባው ዕቃው እሳት ላይ ሲወጣ እንዳይሰነጠቅ ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚያሟሹትም ቀዳዳው ተደፍኖ እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። በክፍል የምናስተምረው ፊዚክስና ኬሚስትሪ በማጀት ውስጥ አለ።

የሚሳሳት እጅና የማይመለስ እሳት

ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ትለቅማለች፣ ድንጋይና ሥሩን ታወጣለች፣ ታቦካዋለች። ከዚያ በጥቅል በጥቅል እየደራረበች ግድግዳውን ታቆማለች። ሲደርቅ በጠጠር ትወለውለዋለች። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሆኖ እሳት ከገባ ይፈነዳል። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚነደው እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ቴርሞሜትር የላትም፤ የምትለካው በዓይኗ ነው። ከእሳት በኋላ ሸክላው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። የሳምንት ልፋት በአንድ ቀን እሳት ሊሰበር ይችላል። “ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች” የሚለው ተረት ደህና ደህናውን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ይነግረናል።

በዓለም የተከበሩ ሸክላ ሠሪዎች

ሲዲግ ኤል ኒጉሚ (1931–1996) የተባለው ሱዳናዊ በካርቱም ሥነ ጥበብ ተምሮ፣ በለንደንም ሸክላ አጥንቶ፣ ተመልሶ በካርቱም አስተማረ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ኑሮው በእንግሊዝ ሆነ፤ እዚያም በፋርናም የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አስተማሪ ነበር። ሥራዎቹ በጠጠር የተወለወሉ፣ ምስል የተጫረባቸው፣ ጭስ ያጠቆራቸው ሸክላዎች ናቸው። ዘዴው የሱዳን መንደር ሴቶች ዘዴ ነው። ዛሬ ሥራዎቹ በእንግሊዝ ሙዚየሞች ይገኛሉ።

ናይጄሪያዊቷ ላዲ ክዋሊም የእንስራ ሥራን የተማረችው በመንደሯ ከአክስቷ ነው። ዛሬ ሸክላ ስትሠራ የሚያሳይ ምስሏ በ20 ናይራ ገንዘብ ላይ ታትሟል።

እኛስ? በጎንደር አጠገብ በወለቃ የሸክላ ጥበባቸው የታወቀው ቤተ እስራኤል ሴቶች “ቡዳ” እየተባሉ ይፈሩና ይገለሉ ነበር። ብዙ ቤተ እስራኤል በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሰደው፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ከካርቱም በአውሮፕላን ወጡ። በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችም ይህን ስም ለረጅም ጊዜ ተሸክመዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። መቶ ዓመት አልፎም “የሸክላ ሠሪ ልጅ” የሚለው እንደ ስድብ ሲወረወር እንሰማለን። በካምፕ ክፍል ውስጥ የእናቱን ሥራ የሚደብቅ ልጅ ካለ፣ ያን ልጅ ዝም ያሰኘው የእኛ አፍ ነው።

አንድን ሸክላ እንዴት እንይ?

1. አንሱት። ሲያዩት የሚከብድ መስሎ ሲያነሱት ከቀለለ ግድግዳው በሚገባ ሳስቷል ማለት ነው።
2. በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ የተቃጠለ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።
3. ጠርዙንና የጀበናውን አንገት እዩ። ቡናውን ሳያንጠባጥብ የሚቀዳ ጀበና በሐሳብ የተሠራ ነው።
4. የጣት አሻራና እሳት የላሰውን ቦታ ፈልጉ። እነዚህ ጉድለት አይደሉም፤ ሁለት ጀበና አንድ ዓይነት የማይሆነው በእነሱ ነው።

ለክፍል ሥራ

መምህራን፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ የሸክላ ዕቃ ወይም ገል ይዞ እንዲመጣ አድርጉ። ከላይ ባሉት አራት ነጥቦች ይመርምሩት። ውኃ የያዘ ዚርና ጀሪካን ጎን ለጎን በጥላ አስቀምጡ፣ ጠዋትና ከሰዓት ሙቀታቸውን ለኩና አወዳድሩ። ከዚያ በዚህ ጥያቄ ላይ ተወያዩ፦ ዕቃውን እየፈለግን ሠሪውን ለምን እንንቃለን? በአካባቢያችሁ ሸክላ የምትሠራ እናት ካለች እንግዳ አስተማሪ አድርጋችሁ ጋብዙ፤ ስትመጣም እንደ ማንኛውም መምህር ተነሥታችሁ ተቀበሏት።