«ቤት ለእንግዳ»፣ ለባለቤቱስ?

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ አንድ የቆየ ወዳጄ ከቦርሳው ሁለት ገጽ ወረቀት አውጥቶ «አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አለኝ። ወዳጄ ልጁ በምትማርበት፣ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል ነው። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ ለአሥር ቀናት የጥናት ጉብኝት ሊመጡ ስላሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ የመግባቢያ ሰነድ ነበር።

አነበብኩት። ስለ እንግዶቹ የጤና ኢንሹራንስ፣ ስለሚጠጡት የታሸገ ውኃ፣ ስለ አውቶቡሱ ቀበቶ፣ ምግብ የማይስማማው ተማሪ ቢኖር ስለሚደረገው ጥንቃቄ በዝርዝር ተጽፏል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ ልጁን ወደማያውቀው አገር የሚልክ ወላጅ ይህን መጠየቁ አይፈረድበትም። ስለ እኛ ልጆች የሚናገረው ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። እርሱም እንግዶቹ በቆይታቸው የሚያነሷቸውን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ላኪው ድርጅት «ለማንኛውም ዓላማ» መጠቀም እንደሚችል የሚገልጽ ነው።

ይህች ጽሑፍ እንግዳን ለመንቀፍ የተጻፈች አይደለችም። «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያሳደገን ሕዝብ ነን። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ጉብኝት ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሕጋችንም ስለ እርሱ ምን እንደሚል ሳናውቅ ከፈረምን የምንጎዳው ልጆቻችንን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም

አራዳና አካባቢው ከዘመናዊ ትምህርት መጀመሪያ አንሥቶ የውጭ ሰው የተቀላቀለበት ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን መምህራን ያገኘው ከግብፅ ቅብጦች ነበር። አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ በዚያው ዘመን ፈረንሳይኛ ያስተምር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም ደግሞ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ በወደቁት በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም ተሰይሞ የፈረንሳይን ሥርዓተ ትምህርት ለአበሻውም ለፈረንጁም ልጅ በአንድ ክፍል ያስተምራል። ፒያሳ አርቲስቲክ ሕንፃ ላይ በነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ያነበበ የኔ ትውልድ ሰው ብዙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1958 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት አክራ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። ከእኛ ልጆች ጋር አንድ መኝታ ቤት አደሩ፣ አንድ ፈተና ተፈተኑ፣ በአንድ መድረክ ተከራከሩ። ከቅኝ ግዛት ትግል ውስጥ የመጡ ስለነበሩ ፖለቲካን በግልጽ ይናገሩ ነበር። የተማሪዎችን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ምሁራን እነዚህ ወጣቶች በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መነቃቃት ላይ የነበራቸውን ድርሻ ይጠቅሳሉ። እንግዳው ተምሮ ሄደ፤ ባለቤቱም ከእንግዳው ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት መጡ፤ አብዛኞቹ በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያስተማሩ ናቸው። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው አድገዋል። የኩባን ስፓኒሽ እስከ ዛሬ የሚናገሩ ጎልማሶች በመካከላችን አሉ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ጊዜ። ዓመታትን አብሮ የኖረ ሰው ይተዋወቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። አሥር ቀን ግን ሌላ ነገር ነው።

የአሥር ቀኑ ጉብኝት ምንድን ነው?

በአንድ ስም ቢጠራም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የልውውጥ ጉብኝት ሲሆን፣ የእነርሱ ልጆች ይመጣሉ፣ በተራው የእኛ ልጆች ይሄዳሉ። ሁለተኛው የትምህርት ጉዞ ነው፤ እንግዶቹ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ ወይም ቋንቋ ሊያጠኑ መጥተው ትምህርት ቤቱን እንደ አንድ የጥናት ቦታ ያዩታል። ሦስተኛው «የበጎ ፈቃድ» ጉዞ ነው። ተማሪዎቹ ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ፣ ለሕፃናት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ደብተርና ኳስ ያድላሉ።

ሦስቱም በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ችግሩ ሦስተኛው በመጀመሪያው ስም ሲመጣ ነው። «ልውውጥ» ተብሎ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድበት ነገር ልውውጥ አይደለም። የወዳጄ ልጅ ወረቀቱን አይታ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ብላ ጠይቃው ኖሯል። አባት ምን ይመልስ? ቪዛውን፣ የአውሮፕላኑን ቲኬት፣ የባንክ ማስረጃውን ያስበዋል። እንግዳው ልጅ በጥቂት ቀናት የሚያገኘውን ቪዛ የእኛ ልጅ ለወራት ጠብቃ ልትከለከል ትችላለች። ይህ የትምህርት ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ሰነዱ ውስጥ በእውነተኛ ስሙ መጠራት አለበት።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ አለ። የአውሮፓና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ረጅሙን ዕረፍት የሚወስዱት በእኛ ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የእኛ ክፍሎች ባዶ ናቸው። ስለዚህ ጉብኝቱ ወይ ልጆቻችንን ከዕረፍታቸው ጠርቶ ያስተናግዳቸዋል፣ ወይ በትምህርት ጊዜ መጥቶ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። በትምህርት ጊዜ ከመጣ አንድ መምህር ለእንግዳ ሲመደብ የማን ክፍል ያለ መምህር እንደሚቀር መጠየቅ ይገባል። በተለይ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊና ለከተማ አቀፍ ፈተና በሚዘጋጁበት ወቅት አንድ ሳምንት ቀላል አይደለም።

ፒያሳም ተለውጧል። ቀድሞ እንግዳ ተማሪን ከሠፈር ቤተሰብ ጋር ማሳደር ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የተከናወነው የኮሪደር ልማት ግን ብዙ አሮጌ መንደሮችን አንሥቶ ነዋሪውን ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ወስዶታል። እንግዳው የዓድዋ ድል መታሰቢያን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራልና የጣይቱን ሆቴል ያያል፤ በአካባቢው ይኖር የነበረውን ሰው ለማግኘት ግን ታክሲ መያዝ ሊኖርበት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ በሕግ ያልተዳሰሰ ይመስለዋል። አይደለም።

በመጀመሪያ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት፣ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም ይህንኑ ይላል፤ የሕፃኑን የግል ሕይወት ይጠብቃል፣ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማም መብት ይሰጠዋል። «ቀደምትነት» ማለት ርዳታውም፣ እንግዳ አክባሪነቱም፣ የትምህርት ቤቱ ስምም ከልጁ ደኅንነት በኋላ ይመጣሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከ60 ዓመት በፊት፣ የእጅ ስልክ ካሜራ ባልታሰበበት ዘመን፣ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ከልክሏል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነርሱም መካከል ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም የሚደረግ ይገኝበታል። «ጉብኝቱ የትምህርት ስለሆነ ይህ ልዩ ሁኔታ ይሸፍነዋል» የሚል ይኖር ይሆናል። በእኔ አስተያየት አይሸፍንም። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ወይም ለጉዞ ድርጅት ማስታወቂያ የሚውል የሕፃን ፊት ለማንም ትምህርት አይሰጥም። ምስሉ ያለ ፈቃድ የታየበት ሰው በአንቀጽ 29 መሠረት እንዲቆም ሊጠይቅ ይችላል።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን አላደረሰም። ስለዚህ ወላጁ ወይም አሳዳሪው መጠየቅ አለበት። ርእሰ መምህሩ የ600 ልጆችን ፊት በአንድ ፊርማ አሳልፎ የመስጠት ሥልጣን የለውም። በዚህ ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ፎቶግራፍ፣ ስምና የትምህርት ቤት አድራሻ በአንድነት ሲቀመጡ የግል ዳታ መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም።

ሦስተኛው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ተጠያቂ ያደርጋል። አንቀጽ 2125 ደግሞ ልጁ በሌላ ሰው ጥበቃ ሥር ሲሆን ኃላፊነቱን ወደዚያ ሰው ያዞራል፤ በትምህርት ቤት ሳለ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከቤቱ ውጭ በሌላ ሰው ዘንድ ሲያድግ ወደ አሳዳጊው። እንግዳው ተማሪ በእኛ ግቢ ኳስ ሲጫወት የሌላውን ጥርስ ቢሰብር፣ ለዚያ ሰዓት ተጠያቂው አብሮት የመጣው መምህር ነው ወይስ የእኛ ርእሰ መምህር? ይህ በሰነድ ካልተለየ የሚለየው በፍርድ ቤት ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን ነገር እየመረመሩት ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ዜጎቹ በውጭ አገር የሕፃናት ማሳደጊያዎች የአጭር ጊዜ፣ ሙያ የሌለው በጎ ፈቃድ እንዳይሠሩ የሚመክር ዘመቻ ጀምሯል። ምክንያቱም ጎብኚ ሲበዛ «የሚጎበኝ ሕፃን» ማቅረብ ንግድ ይሆናል የሚል ነው። ትምህርት ቤት ማሳደጊያ አይደለም፤ ሆኖም ፈረንጅ በመጣ ቁጥር ከክፍል ወጥቶ እንዲዘፍን የሚደረግ ልጅ ምን እየተማረ እንደሆነ ማሰብ ደግ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለወዳጄ የመከርኩት እንዲህ ነው። በሰነዱ ላይ አምስት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ ጉብኝቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ ልውውጥ ከተባለ የመልሱ ጉዞ በማን ወጪ፣ መቼ እንደሚሆን ይቀመጥ፤ መሄድ የማይቻል ከሆነም ቢያንስ የእኛ መምህራን የሚሄዱበት ወይም በኢንተርኔት ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥል የጋራ ሥራ ይኑር። ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ በወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ፣ ለተወሰነ ዓላማ፣ ያለ ሙሉ ስም ይሁን፤ ፈቃድ ያልሰጠ ወላጅ ልጅም ከእንቅስቃሴው አይገለል። ሦስተኛ፣ ማንም አዋቂ እንግዳ ከአንድ ሕፃን ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ ከመምጣቱም በፊት ከአገሩ ፖሊስ የመልካም ጠባይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይደረግ። አራተኛ፣ ለአደጋና ለጉዳት ተጠያቂው በየሰዓቱ ማን እንደሆነ ይለይ። አምስተኛ፣ የሚባክን ክፍለ ጊዜ በምን እንደሚካካስ ይጻፍ።

ወዳጄ «ይህን ብንጠይቅ ይቀየሙና ይቀራሉ» የሚል ስጋት ነበረው። ስጋቱ ይገባኛል፤ ላኪው ድርጅት ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ለመስጠት ቃል ገብቷል። ነገር ግን እነርሱ ለልጆቻቸው የታሸገ ውኃ ሳይቀር በሰነድ ሲጠይቁ እኛ አልተቀየምንም። ልጁን የሚወድ ወላጅ የሚያደርገው ነው ብለን አከበርናቸው። እኛም ስንጠይቅ ከመቀየም ይልቅ እንደ እነርሱ ወላጅ መሆናችንን ያዩበታል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ምክንያት የሚቀር እንግዳ ካለም መቅረቱ ይሻላል።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ተሰብስቦ ይወስናል። የወዳጄ ልጅም በስብሰባው ላይ ተማሪዎችን ወክላ እንድትናገር ተጠይቃለች። «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚለውን ጥያቄዋን እዚያም እንዳትረሳው አደራ ብያለሁ።