ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የሚረሱ ዕቃዎች

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ብዙ አሽከርካሪዎች መኪናቸውን ቆልፈው ሲሄዱ ውስጡ ለሚቀረው ዕቃ እምብዛም አይጨነቁም። ይሁን እንጂ የቆመን መኪና በዋናነት የሚያግለው የውጭው አየር ሳይሆን በቀጥታ የሚያርፍበት ፀሐይ ነው። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የውጭው ሙቀት 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት ቀን የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ገደማ እንደደረሰ፣ ከጭማሪውም 80 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች እንደተመዘገበ፣ መስኮትን በጥቂቱ ከፍቶ መተውም ይህን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ አረጋግጠዋል።

ምክንያቱ በመስታወቱ ጠባይ ላይ ነው። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ዳሽቦርዱ፣ መሪውና ወንበሮቹ ብርሃኑን ውጠው ከጋሉ በኋላ መልሰው የሚለቁትን የሙቀት ጨረር ግን አያሳልፍም፤ የጋለው አየርም መውጫ አጥቶ እዚያው ይታመቃል። በአሪዞና ግዛት በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በሞቃት ቀን ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ደርሷል።

ይህ አኃዝ በዲዮድራንት፣ በፀጉርና በነፍሳት ማጥፊያ መርጫ ቆርቆሮዎች ላይ ከሚነበበው የ50 ዲግሪ ገደብ እጅግ ይበልጣል። በቆርቆሮው ውስጥ የታመቀው ጋዝ በጋለ ቁጥር ግፊቱ ስለሚጨምር ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላል፤ ቡቴን የተባለውን ጋዝ በግፊት ፈሳሽ አድርጎ የሚይዘው ላይተርም ተሰንጥቆ ተቀጣጣይ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። በሞባይልና በፓወር ባንክ ውስጥ ያለው የሊቲየም-አዮን ባትሪ ደግሞ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥርበታል፤ ባትሪው ያበጠ ወይም የተጎዳ ከሆነም እስከ መቀጣጠል ሊያደርሰው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን መድኃኒት ነው፤ ጉዳቱ ለዓይን አይታይምና። የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት ኢንሱሊን ፕሮቲን በመሆኑ ከፍተኛ ሙቀት ሲያገኘው ቅርጹ ይለወጣል፣ ኃይሉም ይደክማል፤ ይሁንና ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ሕመምተኛው ልኩን ጠብቆ ተወግቶም የደሙ ስኳር ሊያሻቅብበት ይችላል። ስለዚህ ኢንሱሊን የያዘ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ጉዳይ እንኳ ቢወርድ መድኃኒቱን ይዞ መውረድ ይኖርበታል። ከገበያ የተገዛ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ምግብም ባክቴሪያ በፍጥነት ስለሚራባበት፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም።

ጥላ ሥር ማቆምና የፊት መስታወቱን በፀሐይ መከላከያ መሸፈን ሙቀቱን ይቀንሱታል እንጂ አያስቀሩትም፤ በሰመራና በገልፍ አገሮች ደግሞ የውጭው አየር ራሱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ጥላም ብዙ አያስተማምንም። ዕቃ በሌላ ይተካል፤ የሕፃን ሰውነት ግን ከአዋቂ ሰው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚግል፣ ወላጅም ሆነ አሽከርካሪ በሩን ከመቆለፉ በፊት የኋላውን ወንበር መመልከትን የማይታለፍ ልማድ ሊያደርገው ይገባል።