ፍንጭ እንጂ መልሱን አትንገሩኝ

እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እናቴ ጋ ስልክ መደወል ትርፉ ድካም ነው። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ መነጽሯን ታደርጋለች፤ ታብሌቱን ትራስ ላይ ታስደግፋለች፤ ስልኳን ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቧ ታስቀምጣለች። በስልኩ የምታወራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖረው የወንድሜ ልጅ ጋር ነው። እዚያ ገና ቀትር ነው። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን የወንዱንና የሴቱን አነጋገር ያቀያይራል።

«እምዬ፣ ዝግጁ ነህ?» ይላታል።

«ዝግጁ ነኝ የኔ ጌታ። ያቺን በር ሳምንቱን ሙሉ ስዞራት ነው የከረምኩት።»

በሯ ያለችው ማሺናሪየም በሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ነው። የ71 ዓመቷ እናቴ እስከዚያ ድረስ በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር ምንም ዓይነት ጨዋታ ተጫውታ አታውቅም።

ከዚህ በፊት የአያትና የልጅ ልጅ የስልክ ወሬ ምን ይመስል እንደነበር ልጅ ወይም ወንድም ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ። «ደህና ነህ?» «ደህና።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ።» «በላህ?» «አዎ።» ከዚያ ዝምታ። ከዝምታው በኋላ «በል አባትህን አቅርብልኝ።» ሁለት ደቂቃ ከሞላ ብዙ ነው። ፍቅሩ በሁለቱም በኩል ነበር፤ የሚያወሩት ነገር ግን አልነበራቸውም።

ቃል የሌለው ጨዋታ

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ሲመጣ ለእናታችን ታብሌት ይዞላት መጣ። ፎቶ እንድታይበት አስቦ ነው። ልጁ ግን ከመምጣታቸው በፊት የሚወደውን ጨዋታ ጭኖበት ነበር።

ማሺናሪየም የተሠራው በቼክ ሪፐብሊክ ነው። አማኒታ ዲዛይን የተባለው ቡድን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ሲሆን፣ ሰባት ሰዎች ከራሳቸው ቁጠባ እያወጡ ሦስት ዓመት ደክመውበታል። ለማስታወቂያ የመደቡት 1,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሥዕሎቹ በእጅ የተሳሉ ናቸው። በዚያው ዓመት ነፃ የጨዋታ ሠሪዎች በሚወዳደሩበት ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ላይ በሥዕል ጥበብ ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጆሴፍ የሚባል ትንሽ ሮቦት ሰውነቱ ተበታትኖ ከከተማ ውጭ ቆሻሻ ክምር ላይ ይጣላል። ራሱን መልሶ ይገጣጥምና ወደ ከተማዋ ለመመለስ መንገድ ይጀምራል። እዚያ ጉልበተኞች የከተማዋን ግንብ ሊያፈነዱ ያሴራሉ፤ የሚወዳት በርታም በእጃቸው ገብታለች። ስሙ የተወሰደው ከቼካዊው ሠዓሊና ጸሐፊ ከጆሴፍ ቻፔክ ነው። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ያፈለቀው እሱ ነበር፤ ወንድሙ ካሬል እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ቴአትር ውስጥ ተጠቀመበትና ቃሉ ዓለምን ዞረ። መነሻው በቼክ ቋንቋ የግዴታ ሥራ ማለት ነው።

ለእኛ ቤት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ከመግቢያው ጥቂት መመሪያ በስተቀር በጨዋታው ውስጥ የሚነበብም ሆነ የሚሰማ ቃል የለም። ሮቦቶቹ የሚያስቡት ከራሳቸው በላይ በሚታይ የሥዕል አረፋ ይገለጣል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የማታነበው እናቴና አማርኛ የማያነበው የልጅ ልጇ እኩል ናቸው። እሷም አትበልጠው፣ እሱም አይበልጣት።

ጨዋታው መሮጥና መተኮስ አይደለም። እያንዳንዱ ቦታ አንድ እንቆቅልሽ ነው። ዙሪያውን ታያላችሁ፣ የሚነሳውን ታነሳላችሁ፣ አንዱን ከሌላው ጋር ታገናኛላችሁ። ጆሴፍ ሰውነቱን አስረዝሞ ከፍ ያለ ነገር ይደርሳል፤ አጥሮም ዝቅ ይላል። እጁ የማይደርስበትን ነገር ግን መንካት አይችልም። እናቴ ይህን እየረሳች ስንት ጊዜ ታብሌቱን እንደወቀሰችው!

አብሮ መጫወት በርቀት

በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ሦስት ቤቶች አሉ፦ አዲስ አበባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና እህቴ የምትኖርበት ፍራንክፈርት። ሁሉም በየራሱ መሣሪያ ላይ ይጫወታል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቦታ እናልፋለን፤ እሁድ በስልክ እንገናኛለን። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት፦ «ቀድሞ የደረሰ ዝም ይበል።»

የከተማዋ በር ላይ ዘበኛ አለ። ጆሴፍን አላስገባም ይላል፤ ድልድዩንም አያወርድም። እኔና ወንድሜ ዘበኛውን እንዴት እንደምናታልለው ስንከራከር እናቴ «ዘበኛ የሚያከብረው ባለ ኮፍያ ነው» አለች። ልክ ነበረች። መንገድ ላይ የሚቆመውን ባለ ሾጣጣ ምልክት ሰማያዊ ቀለም ነክሮ፣ አምፖል ጫፉ ላይ ሰክቶ የሚገባ ሰው እንደ ባለሥልጣን ይታያል። ድልድዩ ወረደ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ በሳቅ ፈነዳ፤ እናቴም «ይሄ የኛው ሰፈር ነው» አለች።

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አምስት ጠጠር ቀድሞ በተርታ የደረደረ የሚያሸንፍበት ጨዋታ አለ። ተጋጣሚው ሮቦት ቀላል አይደለም። የወንድሜ ልጅ ደጋግሞ ተሸነፈ። እናቴ በልጅነቷ ገበጣ የምታውቅ ናት፤ በአራተኛው ምሽት አሸነፈችው። ልጁ «እንዴት?» ብሎ ሲጠይቃት አልነገረችውም። «የራስህን መንገድ ብቻ አትይ። መጀመሪያ የሱን መንገድ ዝጋበት» አለችው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ የድል ፎቶ ላከላት።

ፍንጭ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው

ፍንጭ መስጠት ቀላል ይመስላል እንጂ የጨዋታ ሠሪዎች ብዙ ያሰቡበት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢንፎኮም የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ለጨዋታዎቹ የፍንጭ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። መልሶቹ የተጻፉት በማይታይ ቀለም ነው። ገዢው አብሮ በሚሰጠው ልዩ ብዕር አንዱን መስመር ብቻ ያሻሸውና ያነባል፤ ካልበቃው የሚቀጥለውን። መጀመሪያ ትንሽ ጥቆማ፣ ቀጥሎ ሰፋ ያለ፣ መጨረሻ ላይ መልሱ። ሳይፈልገው ሁሉንም የሚያይበት ዕድል የለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውና ከስድስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠው ሚስት የተባለው ጨዋታ ደግሞ በካርቶኑ ውስጥ ባዶ ማስታወሻ ደብተር ነበረው። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ያየኸውን ጻፍ፣ አስብበት፣ ተመለስ።

ማሺናሪየምም የራሱ ዘዴ አለው። በየቦታው አንድ አምፖል አለ፤ ሲነካ ጆሴፍ አንድ ነገር ብቻ ያስባል። ሙሉውን መልስ ለማየት የፈለገ ደግሞ መጽሐፍ አለለት፤ መጽሐፉ ግን የተቆለፈ ነው። ለመክፈት ሸረሪቶችን እየመቱ ቁልፏን ቀዳዳው ድረስ ማድረስ ያስፈልጋል። ከባድ አይደለም፤ አሰልቺ ነው። አሰልቺ የሆነውም ሰው «ቆይ እስቲ አንዴ ልሞክር» እንዲል ነው።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ

አደባባይ ላይ መሣሪያቸው የተበላሸባቸው ሦስት የመንገድ ሙዚቀኞች አሉ። የወንድሜ ልጅ እዚያ ተጣበቀ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በግሩፑ ላይ የሚያለቅስ ፊት ይልካል። አንጀቴ አልቻለም። ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጌ ለብቻው ላኩለት። ደግ አክስት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቪዲዮውን እያየ ጨዋታውን ጨረሰው። እሁድ እናቴ እንደተለመደው ታብሌቷን አስደግፋ ጠበቀች።

«እምዬ፣ እኔ ጨረስኩ» አላት።

«እሰይ! እንዴት አድርገህ?»

«አላውቅም። ጨረስኩ።» ስልኩን ለአባቱ ሰጠው።

በሚቀጥለው እሁድም አልቀረበም፤ ሌላ ጨዋታ ይዟል አሉ። እናቴ ታብሌቱን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ማታ «ልጁን ምን አስቀይሜው ይሆን?» ብላ ስትጠይቀኝ መደበቅ አልቻልኩም። የሠራሁትን ነገርኳት።

ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጁ የጠየቀሽ መንገድ ነበር፤ አንቺ አዝለሽ አደረስሽው» አለችኝ። ቆጣ ብትል ይሻለኝ ነበር። የራሴ ልጆች የቤት ሥራ ሲሠሩ እርሳሱን ከእጃቸው ስንት ጊዜ እንደነጠቅኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ሀገር ስጪኝ»

በሦስተኛው እሁድ ስልኩን የደወለችው እናቴ ራሷ ናት።

«እኔ ገና ሙዚቀኞቹ ጋ ነኝ። አንተ ጨርሰሃል፤ እንግዲህ አስተማሪዬ አንተ ነህ። መልሱን ብትነግረኝ ግን ወዮልህ!»

«ግን እኮ አውቀዋለሁ!»

«እወቀው። ያዘው። እንቆቅልሽ አድርገው።»

እንቆቅልሽ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበርና አስተማረችው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂዋ «ምን አውቅልህ» ትላለች። መልሱ ከጠፋት ጠያቂው «ሀገር ስጪኝ» ይላል። ሀገር ሳይቀበል መልሱን አይናገርም። ቪዲዮው ያልነበረው ነገር ይህ ነው፤ መልስ ያለ ዋጋ አይገኝም።

ልጁ አዲሱን ሥራ ወደደው። መልሱን በሆዱ ይዞ ጥቆማ ብቻ ለመስጠት ቃል መፈለግ ነበረበት፤ ያውም አማርኛ ቃል። «ከበሮው... ውስጡ... አባዬ፣ ይሄ ምን ይባላል?» እያለ አባቱን ይጠይቃል። እናቴ ሲጠፋት ይጮኻል፦ «ሀገር ስጠኝ!»

«ሲልቨር ስፕሪንግን ሰጠሁህ።»

«እሱ የኔ ነው! ሌላ!»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ደሴን ሰጠሁህ» አለችው።

«ደሴ ምን አለ?»

ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ። የተወለደችበትን ከተማ ነገረችው። ስለ ጦሳ ተራራ፣ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን ስለሚውጠው ጉም፣ በጉሙ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትምህርት ቤት ስለሚሄዱት ልጆች። ይህን ታሪክ እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሲዘጉ የስልኩን ሰዓት አየሁት፤ 47 ደቂቃ።

ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻን ወስዷል፤ ሐይቅን ወስዷል፤ ወልድያንም ወስዷል። አባቱ እንደሚለው መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ለጥፎ ያሸነፋቸውን ከተሞች በቀይ እያከበበ ነው።

መሞከር ለምትፈልጉ

• ጨዋታው ቃል የማይበዛበት፣ ሰዓት የማይቆጥርና የማያጣድፍ ቢሆን ለአያቶች ይመቻል።

• በነፃ የሚገኙ ብዙ ጨዋታዎች በየመሃሉ ማስታወቂያ ያስገባሉ ወይም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ልጅ ከመያዙ በፊት ወላጅ ግማሽ ሰዓት ይሞክረው።

• ማሺናሪየም አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለወሬው ብቻ ነው፤ እሁድ ኔትወርክ ቢጠፋ ሰኞ ይወራል።

• ግሩፑ የቤተሰብና የምታውቋቸው ሰዎች ብቻ ይሁን።

• ፍንጭ በሦስት ደረጃ ስጡ። መጀመሪያ የት እንደሚታይ፣ ቀጥሎ ምን እንደጎደለ፣ በመጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ። በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

• ልጁ «ንገሩኝ» ሲል «እስካሁን ምን ሞከርክ?» ብላችሁ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ ሲያስረዳችሁ ራሱ ያገኘዋል።

እናቴ ጨዋታውን የጨረሰችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ከእንግዲህ እሁድ ምን ሊያወሩ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ልጁ ግን ራሱ የፈጠረውን እንቆቅልሽ ይዞ ቀረበ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«እኔ ጋ ቀን ነው፣ አንተ ጋ ማታ ነው፣ ግን አንድ ነው። ምንድን ነው?»

እናቴ ጣሪያውን አየች፤ ስኒውን አዞረች፤ ጠፋኝ አለች። ፊቷን ሳየው መልሱን የምታውቀው ይመስለኛል። ሆኖም ላሊበላን ሰጠችው፤ ስለ ላሊበላም ሲያወሩ አመሹ።

መልሱን እኔም አውቄዋለሁ። ግን አልነግራችሁም።