ስያሜው አንድ፣ ጣዕሙ ልዩ ልዩ፦ ስለ ቢራና ስለ ቦታ



አንድ ስያሜ ያለው ቢራ አገር ሲለውጥ ጣዕሙ ለምን ይለወጣል? በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ገብሳችን ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ፍርዱ የሚያርፈው በሰሜን ሸዋ ገበሬ ላይ ስለሆነ፣ ከመቀበላችን በፊት ልንመረምረው ይገባል።

ከከፍታ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕ ነው፤ ሆፕ በቢራ ውስጥ የጌሾን ሥራ ይሠራል። ምሬቱ የሚወጣው ደግሞ የሆፑ አሲዶች በፍላት ኬሚካዊ ቅርጻቸውን ሲለውጡ ነው። በ90 ዲግሪ የዚህ ለውጥ ፍጥነት በ100 ዲግሪ ከሚኖረው ከግማሽ ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተዘጋጀ ቀመር እዚህ እንዳለ ቢቀዳ ምሬቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠማቂው ሆፕ ይጨምራል፣ ጊዜውን ያራዝማል ወይም በግፊት ያፈላል። ዳሽን በጎንደርም በደብረ ብርሃንም ይጠመቃል፤ የከተሞቹ ከፍታ ስለሚለያይ፣ ጣዕሙን አንድ ለማድረግ አሠራሩን ከየቦታው ጋር ማስማማት ግድ ይላል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። የቼኳ ፒልሰን ውኃ ማዕድኑ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ የእንግሊዟ በርተን ውኃ ግን በካልሲየምና በሰልፌት የበለጸገ ነው። ሰልፌት የሆፕን ምሬት ያጎላል።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1988 የገብስ ብቅል እንዳይገባ ስትከለክል፣ በዚያ የሚጠመቀው ጊነስ ወደ ማሽላና በቆሎ ፊቱን አዞረ። ስያሜው ሳይለወጥ እህሉ ተለወጠ።

አራተኛው ጉዞ ነው። ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ጠርሙሶችን አስቡ፤ አንዱ በአንኮበር ብርድ ይቀመጣል፣ ሌላው ቁልቁለቱን ወርዶ በአልዩ አምባ ቆላ ይከርማል። ሙቀት የቢራን እርጅና ስለሚያፋጥን፣ ሁለተኛው ቀድሞ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ አረንጓዴ ጠርሙስ ደግሞ ከቡናማው ፈጥኖ ይሸታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ገበሬው እጁ የለበትም።

ገብስ ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ፕሮቲኑ ሲበዛ ከብቅሉ የሚገኘው ጭማቂ ያንሳል፣ ቢራውም ሊደፈርስ ይችላል። ይህ ግን ብቅል ፋብሪካው በር ላይ በመሣሪያ የሚለካ ነው፤ ከመጠኑ ያለፈው ገብስ ይመለሳል፣ ወይም ዋጋው ይቀንሳል። ገበሬው አንድ ጊዜ በሚዛን ተፈርዶበታል፤ በወሬ ዳግም ሊፈረድበት አይገባም።

ለተማሪዎቻችን የምመክረው ፈተና ቀላል ነው። ሦስት ብርጭቆ ቅዱ፤ ሁለቱ አንድ ቢራ፣ ሦስተኛው ሌላ ይሁን። ቀማሹ ስያሜውን ሳያይ የተለየውን ይምረጥ። በተደጋጋሚ ከለየው ልዩነቱ እውነት ነው። ከዚያም የተመረተበትን ቀን፣ የተቀመጠበትን ቦታ፣ ውኃውንና አፈላሉን በቅደም ተከተል እንጠይቅ። ወደ ማሳው የምንሄደው እነዚህ ሁሉ መልስ ካጡ በኋላ ይሁን።