ፓኬጁን ከማሳደጋችሁ በፊት ራውተሩን ከቡፌው ላይ አንሱት

ብዙ ቤት ስትገቡ ራውተሩን የምታገኙት አንድ ቦታ ነው፤ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ። አንዳንዱ ቤትማ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ ዳንቴል ለብሶ ይጠብቃችኋል። መኝታ ቤት ያለችው ተማሪ «ዋይፋዩ አይሠራም» ትላለች፣ አባት «በየወሩ እየከፈልኩ?» ይላሉ፣ በሚቀጥለው ወር ፓኬጁ ከፍ ይላል። መኝታ ቤቱ ውስጥ ግን ብዙም የሚለወጥ ነገር የለም።

ኢኮኖሚክስ ተምረሽ ስለ ራውተር ምን አገባሽ እንዳትሉኝ። ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የበርሜሉን ውሃ የሚያሳንሰው ቀጭኑ ጎማ ከሆነ ትልቅ በርሜል መግዛት ትርፉ ወጪ ነው። የቤት ኢንተርኔትም ሁለት ጎማ አለው። አንዱ ከውጭ እስከ ቤታችሁ የሚመጣው መስመር ነው፤ እሱን ነው በየወሩ የምትከፍሉበት። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተራችሁና ስልካችሁ ያለው መንገድ ነው፤ እሱ የእናንተው ነው፣ የትኛውም ፓኬጅ አያሰፋውም። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የጠበበው የትኛው እንደሆነ መለካት ነው።

ለመለካት ላፕቶፕና አንድ የላን ኬብል ይበቃል። ከራውተሩ ጀርባ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ላን የሚል የተጻፈባቸው ቀዳዳዎች አሉ። የኬብሉን አንድ ጫፍ እዚያ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ፤ ይህቺን የሚረሳ ብዙ ነው፣ ካልጠፋ ላፕቶፑ በየትኛው መንገድ እንደሄደ አታውቁም። በቤት ውስጥ ያሉ ስልኮችና ቴሌቪዥኖችም ለአፍታ ይረፉ። ከዚያ ስፒድ ቴስት አድርጉና ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅላችሁ እዚያው ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ ለኩ፣ በመጨረሻም መኝታ ቤት ሄዳችሁ ድገሙት። በኬብል የመጣው ቁጥር ከምትከፍሉበት ጋር ተቀራርቦ መኝታ ቤት ሲደርስ ከወደቀ፣ ፓኬጅ ማሳደግ የሚጠቅማችሁ ነገር የለም።

ኬብሉን ሰክታችሁ ጭራሽ ካልሠራ በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አይፒ አድራሻውን እዩ። ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ኬብሉን ቀይሩ ወይም ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጣላ ነገር አለ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ፋይል ስታወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ስለዚህ የ5 ሜጋ ቢት መስመር ያለው ሰው በሰከንድ የሚያገኘው ቢበዛ 0.625 ሜጋ ባይት ነው፤ 700 ሜጋ ባይት ፊልም ለማውረድ ወደ 19 ደቂቃ ይወስድበታል። አልተጭበረበረም፣ መለኪያው ነው የተለያየው።

ወደ ቡፌው እንመለስ። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ቴሌቪዥንና መስታወት፣ ቆርቆሮ፣ ብረት ያለበት የኮንዶሚኒየም ኮለን፣ ውሃ የሞላ ታንከር፣ ሁሉም ያዳክሙታል። አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻላል፣ ግን ዘገምተኛ ነው፤ የጎረቤቱም ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ስለሚጨናነቅ ፎቅ ቤት ላይ ይብሳል። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ሲያልፍ ግን ይደክማል። ራውተሩን ወደ ቤቱ መሃል፣ ከደረት ከፍታ በላይ፣ ክፍት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ምንም ብር አያስወጣም። ዳንቴሉም ይነሳ፤ ሞገዱን ባይከለክልም ሙቀት ያፍናል። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ግን ያቺን ቀጭን ገመድ ራሳችሁ አትጎትቱ፣ አትጠፉም፤ ውስጧ መስታወት ነው።

ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ሁለተኛ ራውተር በላን ኬብል መቀጠል ይሻላል። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ግን ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ተመሳሳይ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1 ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ቤት አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር እንደማለት ነው። የሁለተኛውን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ቀይሩ፣ ዲኤችሲፒ የሚለውን (ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፉ፣ ከዚያ ከላን ወደ ላን አገናኙ። ቤት የሚሠራ ሰው ካለ፣ ዴስክቶፑንና የሥራ ላፕቶፑን በኬብል ማድረግ ከሁሉም ይበልጣል። የቪዲዮ ስብሰባ መሃል ማይክሮዌቭ ስለበራ የሚቆራረጠው ዋይፋዩ እንጂ ኬብሉ አይደለም።

የማኔጅመንት ፓስወርዱንም ቀይሩ። ራውተሩ ስር የተለጠፈውን ወረቀት ያየ እንግዳ ሁሉ ሊገባበት ይችላል።

አሁን ወደሚያጨቃጭቀው። ብዙ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራይ ተዋጥተው አንድ መስመር ይጠቀማሉ። ውላችሁ ይፈቅድ እንደሆነ አንብቡ፤ ሒሳቡ ግን የሚገባ ነው። አራት ቤት አንድ 20 ሜጋ ቢት መስመር ቢከፋፈል ሁሉም እኩል ሰዓት ላይ ስለማይጠቀም እያንዳንዱ ብቻውን ከሚገዛው 5 ሜጋ ቢት የተሻለ ያገኛል። ችግሩ ያልታወቀ ሰው ማታ ማታ ተከታታይ ፊልም ማውረድ ሲጀምር ነው። ወጪው በአራት ይካፈላል፣ ጥቅሙ የእሱ ነው። ክፍል ውስጥ የጋራ ሀብት መጨረሻው መመናመን ነው ብለው ያስተምሩናል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤልን የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሰዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው፣ ራሳቸው እየተቆጣጠሩ የጋራ ግጦሽና ውሃ ለረጅም ዘመን ጠብቀው እንደኖሩ አሳይታለች። ለዋይፋይም ይሠራል። ራውተሩ ውስጥ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር አለ፤ ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ስም ስጡት፣ የማን እንደሆነ ይታወቅ። ብዙ ራውተሮች ላይ ባንድዊድዝ ኮንትሮል የሚል ቦታ አለ፤ ለአንድ ዕቃ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል። ጣሪያው ስንት ይሁን የሚለውን ግን አከራይዋ ብቻቸውን ከሚወስኑ አራቱም ቤት ቡና ላይ ቢነጋገርበት ይሻላል፤ ራሱ የተስማማበትን ሰው ብዙም አይጥሰውም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ለጊዜው ቅድሚያ ያግኝ ማለትም የሚያስማማ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ገበያ ላይ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት እዩ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 9 ወይም 5 የሆኑም አሉ። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። የፋይበር መቀበያውና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም ባትሪ ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በኬብል የለካችሁት ቁጥር ራሱ ዝቅ ካለ ያኔ ጥፋቱ ከውጭ ነው። ሦስት ቀን፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ለክታችሁ ከነሰዓቱ ጻፉት። ፋይበር ከሆነ መቀበያው ላይ ቀይ መብራት ይበራ እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ። ደንበኞች አገልግሎት ደውላችሁ «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው» ካላችሁ አጥፍታችሁ አብሩት ይሏችኋል። «ዋይፋይ አጥፍቼ በኬብል ነው የለካሁት፣ ከ10 ሜጋ ቢት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 2 ብቻ ነው የሚደርሰኝ፣ ሦስት ቀን ሆነው» ካላችሁ ግን የሚከተለው ጥያቄ ስለ መስመሩ ነው የሚሆነው።