«ይሄ የማን ፉከራ ነው?»፦ ከደብረ ታቦር የተላኩ ስድስት የሮክ አልበሞች

ሚሞሪ ካርዷ ባለ 8 ጊጋ ናት፣ ጥጓ ትንሽ ተሸራርፏል። በ2016 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ውስጥ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ጓደኛዬ ከስልኩ አውጥቶ ሰጠኝ። ያኔ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር። ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ ቲክቶክ የለም። ስልካችን ላይ የቀረው ቀድመን ያወረድነው ነገር ብቻ ነው። ሁላችንም ያችኑ ሃያ ሠላሳ ዘፈን እየደጋገምን ሰልችቶናል።

«እንካ፣ ግን በአንድ ነገር እንስማማ» አለኝ። «እየዘለልክ አትሰማም። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምረህ እስከ መጨረሻው፣ ልክ እንደ መጽሐፍ።»

ካርዷ ውስጥ ሦስት ፎልደር ነበር። የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»፣ የእንግሊዞቹ ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም፣ እና «ሞዓ አንበሳ» የሚል ስም ያለው አንድ የማላውቀው ነገር። ከዚያች ማታ ጀምሮ እኔም ሰው ባገኘሁ ቁጥር «ይሄን ሰምተሃል? ይሄንስ ሰምተሻል?» የምል ሰው ሆኛለሁ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

«የፈረንጅ ጩኸት»

እኛ ሰፈር ሮክ እሰማለሁ ካላችሁ ሁለት ዓይነት መልስ ይጠብቃችኋል። አንዱ «የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚል ነው። ለዚህ ብዙ አልከራከርም። በጨለማ ምስል የሚነግዱ የሜታል ባንዶች አሉ፣ እኔም ግጥማቸው የማይመቸኝን እተዋለሁ። በየትኛውም ሙዚቃ ውስጥ እንደዚያው ነው፣ መርጦ መስማት የሰሚው ፋንታ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ይሄማ የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ የእኛ አይደለም» የሚለው ነው። በዚህኛው ግን ትንሽ እንነጋገር።

ሄቪ ሜታል ቃል በቃል ከባድ ብረት ማለት ነው። በከባድ ብረት ከሆነማ ደብረ ታቦርን ማን ይቀድማታል? ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ነው። ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለውን መድፍ ከዚህ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት አስጎትተዋል። ቀልዴን ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። የሜታል ሙዚቃም የተወለደው ብረት በሚቀጠቀጥባት ከተማ፣ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ነው። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ገና በ17 ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ፣ ቆዳ ለጥፎ ለራሱ የጣት ቆብ ሠራ። ክሮቹን መጫን እንዳያመው እየቆየ አላላቸው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወፈረ፣ ጨለመ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ያ ካርዷ ላይ ያለው አልበም ዛሬ ሜታል የምንለው ነገር መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። አንድ የጉልበት ሠራተኛ ጉዳቱን ይዞ ያመጣው ድምፅ ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። አንድ ማታ «ሞዓ አንበሳ»ን ያለ ኢርፎን ከፍቼዋለሁ። እማዬ ጓዳ ሆና ትሰማ ኖሮ ብቅ አለች።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ፉከራ ነው?»

«ፉከራ አይደለም እማዬ፣ ሳክስፎን ነው።»

«ሳክስፎን መሆኑን መች አጣሁት! ምን እያለ እንደሆነ ነው የምልህ። እየሸለለ ነው እኮ።»

አልተሳሳተችም። ሳክስፎኑን የሚነፋው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው የሚታወቀው ሽለላን ከተዋጊ አፍ ወስዶ ወደ ሳክስፎን በማምጣቱ ነው። ከኋላው ጊታር የሚያስጮሁት ደግሞ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የኔዘርላንድ ፓንክ ሮከሮች ናቸው። እማዬ ፓንክ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ሽለላን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በየሠርጉ ቤት ታውቀዋለች። እኔ «የእኔ ሙዚቃ» ብዬ የደበቅኩትን ነገር ከእኔ በፊት ለየችው።

ጆሯችን ያውቀዋል

ከዚያ በኋላ ነገሩን ቆም ብዬ አሰብኩበት። ሮክ ጊታርን ሮክ የሚያሰኘው ዲስቶርሽን የሚባለው የሻከረ ድምፅ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ እንዳይወጣ ሆን ተብሎ ይበላሻል። ከቀደምቶቹ አንዳንዶቹ ስፒከራቸውን በምላጭ እየቀደዱ ነበር የሚያመጡት። የእኛን በገና ተመልከቱ። አሥሩ ክሮች ያረፉበት ቦታ ላይ እንዚራ የሚባሉ ቁርጥራጭ ቆዳዎች ይሰካሉ። ክሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ያ የምናውቀው ዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል። እንዚራው ባይኖር በገናው ቀጭን ድምፅ ያለው መሣሪያ ይሆን ነበር። እርግጥ በገና ጸሎት ነው፣ ከመድረክ ሙዚቃ ጋር ላስተካክለው አይደለም። የማወራው ስለ ጆሯችን ነው። የሻከረ ድምፅ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ሌላም አለ። ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ናቸው። ብዙ የሮክ ጊታሪስቶች ሶሎ ሲጫወቱ የሚመላለሱበት ስኬልም ባለ አምስት ድምፅ ነው። አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም፣ ጎረቤት ናቸው። ለዚህ ነው ጃኖ ሲጫወት «ተገድዶ የተቀላቀለ» የማይመስለው።

ስድስቱ አልበሞች

1. *ጃኖ ባንድ፣ «ኤርታሌ» (እ.ኤ.አ. 2012)።* ስሙ ከአፋሩ እሳተ ገሞራ፣ የባንዱ ስም ከቀይ ጥለቱ ባህላዊ ልብሳችን። ከፊት አራት ድምፃውያን አሉ፦ ድብኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሔዋን ገብረወልድ እና ሃሌሉያ ተክለጻዲቅ። ብዙ ሰው የማያውቀው ፕሮዲውሰሩን ነው። ቢል ላስዌል ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተርሄድን አልበም፣ በ2001 ደግሞ የቻግኒዋን ልጅ የጂጂን አልበም የሠራው ራሱ ነው። ከሞተርሄድ ወደ ጂጂ፣ ከጂጂ ወደ ጃኖ የሚወስድ መንገድ በአንድ ሰው እጅ አለፈ ማለት ነው። «ጃኖን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው አንድ ሁለት ዘፈን ነው። አልበሙን ሙሉውን ስሙት፣ ሴቶቹና ወንዶቹ ከጊታሩ በላይ እየተቀባበሉ ሲወጡ ሌላ ነገር ነው። «ለራስህ ነው» የተሰኘው ሁለተኛ አልበማቸው ደግሞ ከዓመታት በኋላ መጣ።

2. *ጌታቸው መኩሪያ እና ዘ ኤክስ፣ «ሞዓ አንበሳ» (እ.ኤ.አ. 2006)።* ጌታቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክሶች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አምስተርዳም ጋበዙት። እሱም አይቷቸው «እናንተ አጅቡኝ» አላቸው። ያኔ ዕድሜው ወደ ሰባው ተጠግቶ ነበር። በዚያ ዕድሜ ከፓንክ ባንድ ጋር አዲስ ነገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዐረፈ። አባትህ ወይም እናትሽ ፊት መክፈት የምትችሉት የመጀመሪያው የሮክ አልበም ይሄ ነው፣ እኔ ቤት ተፈትኗል።

3. *ዩካንዳንዝ፣ «አዎ» (እ.ኤ.አ. 2016)።* ፈረንሳዮች ናቸው፣ ድምፃዊው ግን የእኛው አስናቀ ገብረየስ ነው። የድሮ ዘፈኖቻችንን ወስደው እንደ ሜታል ባንድ ያከብዷቸዋል። መጀመሪያ ይረብሻል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጭንቅላታችሁ ሳታስቡት ይነቀነቃል።

4. *ክራር ኮሌክቲቭ፣ «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» (እ.ኤ.አ. 2012)።* ለንደን ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጊታር የለም። ተመስገን ዘለቀ ክራሩን በኤሌክትሪክ አድርጎ እንደ ሮክ ጊታር ይጫወተዋል፣ ከበሮና ድምፅ ይጨመርበታል፣ አለቀ። ባንድ ለማቋቋም ገንዘብ የለንም የምትሉ ልጆች በተለይ ስሙት።

5. *ዊች፣ «ሌዚ ቦንስ» (እ.ኤ.አ. 1975)።* ዛምቢያውያን ናቸው። በ1970ዎቹ እዚያ ዛምሮክ የተባለ ሙሉ የሮክ ትውልድ ነበር፣ ዊች ደግሞ ከፊት ነበሩ። ከዚያ የመዳብ ዋጋ ወደቀ። በመዳብ የምትተዳደረው አገር ኢኮኖሚ አብሮ ወደቀ፣ ሙዚቃውም ከሰመ። የባንዱ ድምፃዊ ጃጋሪ ቻንዳ የከበረ ድንጋይ ቆፋሪ ሆነ፣ ጓደኞቹ በሞት ተለዩት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆይቶ የድሮ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች አልበሞቹን አግኝተው እንደገና አሳተሟቸው። ጃጋሪ በሽምግልናው ወደ መድረክ ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 «ዛንጎ» የተሰኘ አዲስ አልበም ወጣ። ሙዚቃው ያኔም ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። የጠፋው የሚያቀብለው ሰው ነበር።

6. *ምዱ ሞክታር፣ «አፍሪክ ቪክቲም» (እ.ኤ.አ. 2021)።* የኒጀር ቱዋሬግ ነው። የመጀመሪያ ጊታሩን ራሱ ነው የሠራው፣ ክሮቹ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበሩ። እንዴት ታወቀ መሰላችሁ? በሬዲዮ አይደለም። ሰሃራ ዙሪያ ሰዎች ዘፈኖቹን ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ እየተቀባበሉ ነው ያደረሱት። ይሄን ሳውቅ ያቺ የተሸራረፈች ካርድ ትዝ አለችኝ።

ጥሩ ባንድ ለምን ሳይሰማ ይቀራል?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይቺን ሳልነካ ባልፍ አስተማሪዎቼ ይቀየሙኛል። «ጥሩ ከሆነ እኮ ይታወቅ ነበር» የሚል አባባል አለ። ልክ አይደለም፣ ተሞክሯልም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች 48 ያልታወቁ ዘፈኖችን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች እንዲሰሙ በኢንተርኔት አቀረቡ። አንዱ ቡድን ዘፈኑን ብቻ አየ። ሌሎቹ ስምንት ቡድኖች ግን እያንዳንዱን ዘፈን ከቡድናቸው ስንት ሰው እንዳወረደው ጭምር አዩ።

ቁጥሩን ያዩት ቡድኖች ውስጥ ታዋቂው ይበልጥ ታዋቂ፣ የተረሳው ይበልጥ የተረሳ ሆነ። የሚገርመው ደግሞ አንደኛ የወጣው ዘፈን በየቡድኑ መለያየቱ ነው። በጣም ጥሩዎቹ ክፉኛ አልወደቁም፣ በጣም ደካሞቹም አላሸነፉም። መሐል ላይ ያሉት ግን የት እንደሚያርፉ ማንም ሊገምት አልቻለም፣ መጀመሪያ ማን ሰማቸው በሚለው ተወሰኑ። ስለዚህ «ቪው ስንት ነው?» ብላችሁ ዘፈን ስትመርጡ የምታዩት የዘፈኑን ጥሩነት ብቻ አይደለም፣ ከእናንተ በፊት የመጡ ሰዎችን ዕድልም ነው።

የምታሳፍረኝ ክፍል

እውነቱን ልናገር። ያቺን ካርድ ከአሥር ለማያንስ ሰው ገልብጫለሁ። ከሙዚቀኞቹ አንዳቸውም ከእኔ ሰባራ ሳንቲም አላገኙም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እያለ ማለት ነው። የእኛ ሙዚቀኞች በኮፒ ስንት ዓመት እንደተጎዱ እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያመጡት በዚሁ ቁስል ምክንያት ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ኢንተርኔት የለም፣ ኖሮም ከእኛ አገር ካርድ ለውጭ ባንድ መክፈል ቀላል አይደለም» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ነው። ማጋራት ባንድ ያስተዋውቃል፣ ምዱ ሞክታር ምስክር ነው። ዝም ብሎ መገልበጥ ደግሞ ባንድ ይገድላል። ቀጣዩን አልበም በምን ገንዘብ ይሥሩት?

እኔ አሁን የያዝኳት ሕግ ትንሽ ናት። ዳታ ሲኖረኝ አልበሙን ባንዱ ራሱ በከፈተው ቻናል እሰማለሁ፣ ከሌላ ሰው ገጽ አላወርድም። አገር ውስጥ በብር የሚሸጥ ከሆነ እገዛለሁ። ለሰው የምልከው ደግሞ ሊንኩን ነው። ያኔ የገለበጥኩላቸውንም እየደወልኩ «ያን አልበም ወደድከው? ወደድሽው? እንግዲያው ከባለቤቱ ስሙት» እላለሁ። የሰማኝ ሰው ብዙ አይደለም። ሁለት ሰው ግን ሰምቶኛል።

ስታጋሩም ሃምሳ ዘፈን በአንድ ጊዜ አትላኩ፣ ማንም አይከፍተውም። አንድ አልበም ላኩ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «አራተኛው ላይ ሳክስፎኑ ሲገባ ጠብቅ» ዓይነት። ሰው የሚከፍተው ያችን ዓረፍተ ነገር ብሎ ነው።

ጓደኛዬ አሁን ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ካርዷ ደህና ናት?» አለኝ። በሦስቱ ላይ ምን እንደጨመርኩ ዘረዘርኩለት። ዊችን ሰምቶ አያውቅም ነበር። «እንዴት እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ!» ብሎ ተቆጣኝ። ሊንኩን ወዲያው ልልክለት ስል «ተው» አለኝ። «ለቡሄ እመጣለሁ፣ አብረን እንሰማዋለን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

እማዬ ይህን ስትሰማ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እሱስ ይሸልላል?»